ነፃ ንድፍ ለገበያ፦ ሕያው ሥራ ከወሬ የሚለይባቸው ምልክቶች

በሰሜን ወሎ፣ በሐብሩ ወረዳ፣ መርሳ ከተማ ላይ አንድ ባለ ገንዘብ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ከፍቶ ለአካባቢው ገበሬ መውቂያ ወይም የውሃ መሳቢያ፣ ለቤት እመቤቷ ደግሞ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ እያመረተ ለመሸጥ ቢያስብ፣ አባቱ ያላገኘው ዕድል ከፊቱ ተዘርግቷል። የማሽን ንድፍ ለመግዛት ገንዘብ ማውጣት አያስፈልገውም። ባለቤቶቻቸው “ማንም ይሥራው፣ ማንም ይሽጠው” ብለው በኢንተርኔት የለቀቋቸው በሺህ የሚቆጠሩ ንድፎች አሉ። አውርዶ፣ ላሜራ ከኮምቦልቻ ወይም ከመርካቶ አስጭኖ፣ በያጅ ቀጥሮ ሥራውን መጀመር ይችላል።

ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከእነዚህ ንድፎች ውስጥ የትኛው በእርግጥ ተሠርቶ አገልግሎት የሰጠ፣ የትኛው ደግሞ ከሥዕል ያላለፈ መሆኑን ከፊት ለፊት የሚናገር የለም። ላሜራው ተቆርጦ፣ ኩሽኔታው ተገዝቶ፣ የሠራተኛ ደመወዝ ከተከፈለ በኋላ ማሽኑ አልሠራም ቢባል ኪሳራው የአምራቹ ብቻ ነው። ንድፉን በነፃ የሰጠው ሰው ምንም ዓይነት ዋስትና አልገባም፤ ብዙውን ጊዜም በፈቃዱ ላይ ይህንኑ በግልጽ ጽፎታል። በመሆኑም በነፃ ንድፍ ላይ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ዋነኛ ሙያ መበየድ ወይም መሸጥ ሳይሆን አስቀድሞ መመርመር ነው።

ለመሆኑ ክፍት ንድፍ የሚባለው ምንድን ነው? በውጭው ዓለም “ኦፕን ሶርስ ሃርድዌር” ይሉታል። ትርጉሙ እ.ኤ.አ. በ2011 በጽሑፍ ተደንግጓል፤ ይኸውም የአንድን ዕቃ ንድፍ ማንኛውም ሰው እንዲያጠናው፣ እንዲያሻሽለው፣ እንዲያሰራጨው፣ እንዲሠራውና እንዲሸጠው ለሕዝብ ክፍት ማድረግ ማለት ነው። ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ ነገሩ ለኢትዮጵያ ገበያ እንግዳ አይደለም። ማረሻን የፈለሰፈው ማን ነው ተብሎ አይጠየቅም፤ ፈቃድም አይከፈልበትም። የወሎ ቀጥቃጭ እንደ አፈሩና እንደ በሬው አቅም እያስተካከለ ሲሠራው ኖሯል። በእስያም ቢሆን ዋና መሥሪያ ቤቱ ፊሊፒንስ የሆነው ዓለም አቀፉ የሩዝ ምርምር ኢንስቲትዩት ከእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ ጀምሮ የሩዝ መውቂያ ንድፉን ለአነስተኛ አምራቾች በነፃ ሲያድል፣ በየአገሩ ያሉ ሥራ ቤቶች እያሻሻሉ አባዝተው ሸጠውታል። ያኔ “ኦፕን ሶርስ” የሚል ቃል ገና አልተፈጠረም ነበር።

ዘመናዊው እንቅስቃሴ የታወቀው በሁለት ሥራዎች ነው ማለት ይቻላል። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ2005 በጣሊያኗ ኢቭሬያ ከተማ ለተማሪዎች ተብሎ የተሠራው አርዱዊኖ የተባለው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ሲሆን፣ ሁለተኛው በዚያው ዓመት በእንግሊዝ ባዝ ዩኒቨርሲቲ መምህሩ ኤድሪያን ቦየር የጀመሩት ሬፕራፕ የተባለው የሦስት አውታር ማተሚያ ነው። ከሁለቱም ትልልቅ ገበያ ወጥቷል። በእነዚህ ስኬት በመሳብም ንድፋቸውን በነፃ የሚለቁ ሰዎች ቁጥር እጅግ በዛ። ከበዛ ደግሞ፣ እንደ ማንኛውም ገበያ፣ እንክርዳዱም አብሮ መጣ።

ኮከብ ይገዛል

ንድፎች በብዛት የሚቀመጡት ጊትሃብ በተባለው የኢንተርኔት ማከማቻና በመሰሎቹ ነው። እዚያ አንድ ሥራ የወደደ ሰው “ኮከብ” ይሰጠዋል፤ የኮከቡ ብዛት ከንድፉ ስም አጠገብ ይታያል። ጀማሪ ኢንቨስተር የሚያየው ይህንኑ ነው፦ “አምስት ሺህ ሰው ወዶታል” ይላል። ዳሩ ግን ኮከብ መስጠት አንድ ጠቅታ ነው፤ ማሽኑን መሥራት ይቅርና ንድፉን ከፍቶ ማየት እንኳ አይጠይቅም። ከዚያም የባሰው ኮከብ በገንዘብ መገዛቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሚገኙበት ቡድን ባወጣው ጥናት በጊትሃብ ላይ 4.5 ሚሊዮን ያህል የሐሰት ናቸው ተብለው የሚጠረጠሩ ኮከቦችን አግኝቷል። የእህል ደላላ “ይኸ ጤፍ ተሻምቷል” ሲል ነጋዴው ቃሉን ይዞ ገንዘብ አይቆጥርም፤ እጁን ጆንያው ውስጥ ይከታል። እዚህም ያው ነው።

እጅ የሚከተተው የት ነው ቢባል፣ መጀመሪያ የሚታየው ንድፉ ለመጨረሻ ጊዜ የተለወጠበት ቀን ነው። ሆኖም ቀኑ ብቻውን ያሳስታል። ለአምስት ዓመት ያልተነካ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ንድፍ ብዙውን ጊዜ እንደ ሞተ ይቆጠራል፤ ምክንያቱም በላዩ የተጻፉት ቺፖች ከገበያ ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 በዓለም ላይ በተከሰተው የቺፕ እጥረት ስንት ሰሌዳ እንደገና መነደፍ እንዳለበት በሥራው ላይ ያሉ ያውቁታል። በአንጻሩ ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራ ምድጃ ንድፍ ለአምስት ዓመት ካልተለወጠ ምናልባት ስለተስማማ ነው። ስለዚህ ጥያቄው “መቼ ተለወጠ?” ብቻ ሳይሆን “ሊለወጥ የሚገባው ነገር እያለ ዝም ተብሏል ወይ?” የሚል መሆን አለበት።

ከቀኑ ይልቅ ብዙ የሚናገረው ቅሬታ ነው። ቅሬታ የሌለበት ንድፍ ከሁለት አንዱ ነው፤ እንከን አልባ ነው፣ አለዚያም ማንም አልሠራውም። እንከን የሌለው ማሽን እስካሁን ስላልታየ ሁለተኛው ሳይሆን አይቀርም። “ዘንጉ በሦስተኛው ቀን ተጣመመ”፣ “በተጻፈው ልክ ብቆርጠው አልገጠመም”፣ “ይህ ኩሽኔታ በእኛ አገር አይገኝም፣ ምን ልተካ?” የሚሉ መልእክቶች ካሉ ንድፉን በእርግጥ በእጃቸው የያዙ ሰዎች አሉ ማለት ነው። ቀጥሎ የሚታየው መልሱ ነው። ባለንድፉ በሳምንት ውስጥ መልሶ፣ ሥዕሉን አርሞ፣ የታረመበትን ቀን ጽፎ ከሆነ ሥራው በሕይወት አለ። ቅሬታው ተከምሮ መልስ ሰጪ ከጠፋ ቤቱ ባዶ ነው፤ ኮከቡ ስንትም ይሁን።

ሌላው፣ ምናልባትም ከሁሉ የሚበልጠው ምልክት፣ ከባለንድፉ ጋር ዝምድና የሌለው ሰው ዕቃውን በሌላ አገር፣ በሌላ ዕቃ ሠርቶ ያሳየው ማስረጃ ነው። የፈጠረው ሰው ራሱ ሠርቶ ፎቶ ማንሳቱ ማስረጃ አይሆንም፤ በወረቀት ላይ ያልጻፈውን በጭንቅላቱ ይዞታልና። ከማያውቀው ሰው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሥራ ቢገኝ ግን ወረቀቱ ብቻውን ማሽኑን መውለድ ይችላል ማለት ነው። መርሳ ያለው በያጅ የሚያገኘው ወረቀቱን ብቻ ስለሆነ ይህ ለእሱ ወሳኝ ነው።

ስለ ወረቀቱም አንድ ነገር መባል አለበት። ብዙዎች “ክፍት” የሚሉት ንድፍ ሲታይ ጥቂት ፎቶና አንድ የተዘጋ ሥዕል ነው። ሊታረም የሚችለው ዋናው የሥዕል ፋይል የለም፤ የዕቃው ዝርዝር “የብረት ቱቦ” ይላል እንጂ ውፍረቱን አይናገርም፤ ምን ያህል ሚሊ ሜትር ቢሳሳት እንደሚቻል አይገልጽም። እንዲህ ዓይነቱን ሲያዩ በትሕትና ማለፍ ነው። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ዲን ስፔክ 3105 በተባለ ሰነድ አንድ ዕቃ ክፍት ለመባል ሰነዶቹ ምን ማሟላት እንዳለባቸውና በሌሎች ባለሙያዎች እንዴት እንደሚመዘኑ ደንግገዋል። የአሜሪካው የኦፕን ሶርስ ሃርድዌር ማኅበር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ምልክት ይሰጣል፤ እስካሁንም ከ2,000 በላይ ዕቃዎች ተመዝግበዋል። እዚህ ላይ ነጋዴው ልብ ሊለው የሚገባ ወጥመድ አለ። ይህ ምልክት የሚመሰክረው ንድፉ ክፍት መሆኑን ብቻ ነው፤ ዕቃው ጥሩ ነው ወይም አይሰበርም አይልም። በማሸጊያ ላይ የተለጠፈውን ምልክት እንደ ጥራት ማረጋገጫ አድርጎ የሚያቀርብ ሻጭ አላወቀም ወይም እያወቀ ያታልላል።

ወሬና ሥራ የተራራቁበት ጉልህ ምሳሌ የታየው በኮሮና ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የመተንፈሻ መሣሪያ እጥረት ሲነሳ በጥቂት ወራት ውስጥ ከመቶ በላይ የክፍት ንድፍ መተንፈሻዎች ይፋ ሆኑ። ጋዜጦች አወደሷቸው። ፐብሊክ ኢንቬንሽን የተባለ የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅት ግን እያንዳንዱን በሠንጠረዥ እየመዘነ ነጥብ ሰጠ፦ ንድፉ ክፍት ነው ወይ፣ ሌላ ሰው ሊሠራው ይችላል ወይ፣ ከጀርባው ሰዎች አሉ ወይ፣ መሥራቱ ተፈትኗል ወይ፣ ሳያቋርጥ ለረዥም ጊዜ መሥራቱስ ተፈትኗል ወይ እያለ። በመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ጥሩ ነጥብ ሲያገኙ፣ ወደ ፈተናው ጥያቄዎች ሲደረስ የሚተርፉት እየሳሱ ሄዱ። መመዘኛው ለመተንፈሻ ይውጣ እንጂ ለእህል መውቂያም አንድ ቃል ሳይለወጥ ያገለግላል።

ምርጥ ምድጃ፦ የአገር ቤቱ ፈተና

ነገሩን ወደ ቤት ለማምጣት ከምርጥ ምድጃ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ንድፉ ክፍት ነው ብሎ ማንም ስም አላወጣለትም፤ በተግባር ግን ክፍት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኢትዮጵያ የኢነርጂ ባለሙያዎች ተሠርቶ፣ በአሥርቱ ዓመታት ማብቂያ ላይ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት፣ በዛሬው ጂአይዜድ፣ ድጋፍ በየክልሉ ተሰራጭቷል። ድርጅቱ ምድጃውን ፋብሪካ ከፍቶ አላመረተም። ይልቁንም በየከተማው አነስተኛ አምራቾችን አሠለጠነ፤ እነሱም በብረት ቅርጽ ማውጫ ሲሚንቶና ፑሚስ ወይም አሸዋ እየደባለቁ ስድስት ክፍሎችን ያወጣሉ። አራቱ ተገጣጥመው የምጣዱን ዙሪያ ይሠራሉ፤ ሁለቱ ከኋላ ሆነው ጢሱን ያስወጣሉ፣ ድስትም ያስቀምጣሉ። አምራቹ ለባለንድፉ ሳንቲም አይከፍልም።

ገበያው ሰፊ ነው። በኢትዮጵያ ቤተሰብ ከሚያነደው ማገዶ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው እንጀራ ጋገራ ነው። የሽያጭ ቃሉም ማራኪ ነበር፦ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር እስከ 50 በመቶ ማገዶ ይቆጥባል ተባለ። ይህ ቁጥር ውሸት አይደለም፤ የቤተ ሙከራ ቁጥር ነው። ጋጋሪዋ የተመረጠች፣ እንጨቱ የደረቀና የተመዘነ፣ ምድጃው በልኩ የተሠራ ሲሆን የሚገኝ ውጤት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 በዓለም ባንክ የታተመ አንድ ጥናት ነገሩን በሌላ መንገድ ሞከረው። በኢትዮጵያ ገጠር በዕጣ ለተመረጡ ቤተሰቦች ምርጥ ምድጃ ተሰጠ፤ ምድጃው ላይ ሙቀት የሚመዘግብ ትንሽ መሣሪያ ተገጠመ። እመቤቲቱ “እጠቀምበታለሁ” ብትል ባትል፣ መሣሪያው እሳት የነደደበትን ሰዓት ይመዘግባል። ውጤቱ በአንድ ጋገራ የሚቆጠበው ማገዶ ከ22 እስከ 31 በመቶ፣ በዓመት ደግሞ 634 ኪሎ ግራም ያህል መሆኑን አሳየ። ይህም ቀደም ሲል ይነገር ከነበረው ግማሽ ያህሉ ነው።

ለነጋዴው ይህ ልዩነት ምን ማለት ነው? በምሳሌ እናስላው። አንዲት የመርሳ እመቤት ለጋገራ በወር የ1,000 ብር እንጨት ትገዛለች እንበል፤ ምድጃው ደግሞ 1,500 ብር ይሸጣል እንበል። በሽያጭ ቃሉ ከሄድን በወር 500 ብር ስለምታተርፍ ዋጋውን በሦስት ወር ትመልሳለች። በመስኩ ቁጥር ከሄድን ግን በወር የሚተርፋት ከ220 እስከ 310 ብር ነው፤ ስለዚህ የሚመልስላት ከአምስት እስከ ሰባት ወር ባለ ጊዜ ነው። አሁንም ጥሩ ዕቃ ነው። ነገር ግን “በሦስት ወር” ብሎ የሸጠላት ነጋዴ በአራተኛው ወር ስሙ ይነሳል፤ በትንሽ ከተማ ደግሞ ለሁለተኛው ምድጃ ገዢ የሚያመጣው የመጀመሪያዋ ገዢ አፍ ነው። በአምስት ወር ብሎ ሸጦ በአምስተኛው ወር የተመሰገነው ይበልጣል። ኤሌክትሪክ ለማይደርሳቸውና ለሚቆራረጥባቸው ቤቶች፣ እንጨት በገንዘብ ለሚገዙ ከተሜዎችም ገበያው አለ፤ ጭራሮና ኩበት ራሳቸው ለሚለቅሙ ቤተሰቦች ግን የሚተርፈው ጊዜ እንጂ ብር ስላልሆነ ሽያጩ ይከብዳል።

ከንድፉ ቀጥሎ የሚመጣው የእጅ ሥራው ነው። ክፍት ንድፍ ማንም እንዲሠራው ይፈቅዳል፤ አበላሽቶ እንዲሠራውም ጭምር። የሲሚንቶ ዋጋ ሲንር፣ እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ደጋግሞ እንደታየው፣ አምራቹ የመጀመሪያ ፈተና ውስጥ ይገባል፦ ዋጋ ይጨምር ወይስ ሲሚንቶ ይቀንስ? ሲሚንቶ የቀነሰው ምድጃ ሲሸጥ ከጥሩው አይለይም። ሲጓጓዝ ወይም ከጥቂት ወራት እሳት በኋላ ነው የሚሰነጠቀው። ቅርጽ ማውጫውም በብዙ ምት ይጣመማል፤ ሲጣመም ክፍሎቹ አይገጥሙም፤ በክፍተቱ ሙቀት ይወጣል። ከምጣዱ ስፋት ጋር ያልተስማማ ምድጃም እንዲሁ ነው። በየአካባቢው ምጣድ ሠሪው የለመደው ልክ አለው፤ ከሌላ ከተማ የመጣ ቅርጽ ማውጫ የመርሳን ምጣድ ላይሸከም ይችላል። እንግዲህ 22 በመቶ የተባለው ቁጥር እንኳ የሚገኘው በልኩ ከተሠራ ምድጃ ነው። ያልተሠለጠነ አምራች ምን ያህል እንደሚያገኝ የሚናገር ጥናት አያስፈልግም፤ ጢሱ ይናገራል።

ስለዚህ በክፍት ንድፍ ሁለት የተለያዩ ጥራቶች አሉ። አንዱ የንድፉ፣ ሌላው የሥራ ቤቱ ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል፤ በአንድ ከተማ የተሠራ መጥፎ ምድጃ አይቶ ንድፉን ይኮንናል፣ ወይም ንድፉ በውጭ አገር ተመሰገነ ብሎ የጎረቤቱን ሥራ ሳያይ ይገዛል። የገመድ ፓምፕ የሚባለው ለዚህ ሌላ ምስክር ነው። ገመድ፣ የጎማ ቀለበቶች፣ ቱቦና መዘውር ብቻ ነው። በኒካራጓ በአሥር ሺህ የሚቆጠር ተተክሏል። በኢትዮጵያም በየክልሉ ሲሞከር ቆይቷል፤ ውጤቱ ግን ከቦታ ቦታ በእጅጉ ይለያያል። ቀለበቱ ከቱቦው ውስጠኛ ስፋት ጋር በሚሊ ሜትር ካልተመጠነ፣ ወይ ውሃው ወደ ታች ይመለሳል፣ ወይ ገመዱ ይያዛል። በጊራና ሸለቆ ጥልቀት የሌለው የእጅ ጉድጓድ ላለው ሽንኩርት አምራች ሊጠቅም የሚችል መሣሪያ ነው፤ ከመገዛቱ በፊት ግን የሚጠየቀው “ንድፉ ከየት ነው?” ሳይሆን “ይህ ሥራ ቤት ባለፈው ዓመት የተከላቸው ስንቱ ዛሬ ውሃ ያወጣሉ?” የሚል ነው።

በሕይወት ያለ ንድፍ ይለወጣል የሚለውን የሚያሳየው ደግሞ ቢቢኤም ነው። ኢትዮጵያ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ውሃ የሚተኛበት ጥቁር አፈር አላት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአዲስ አበባ የነበረው የአፍሪካ የእንስሳት ሀብት ማዕከል፣ ኢልካ፣ ሁለት የተለመዱ ማረሻዎችን አጣምሮ ሰፊ መደብና ቦይ የሚያወጣ መሣሪያ ሠራ። ሐሳቡ ግሩም፣ ወጪውም ትንሽ ነበር፤ ነገር ግን መሣሪያው ለበሬ ከበደ፣ ለመገጣጠምም አስቸገረ፤ ገበሬው እንደታሰበው አልተቀበለውም። በሪፖርት ቢታይ የተሳካ፣ በማሳ ቢታይ የተንጠለጠለ ሥራ ነበር። ከዓመታት በኋላ ዶክተር መለሰ ተመስገን በአይባር ኢንጂነሪንግ በኩል ክብደቱን ቀንሰው፣ በተለመደው ማረሻ ላይ የሚገጠም አድርገው ሲያቀርቡት ነው በሰፊው የተሸጠው። የመጀመሪያውን ንድፍ ይዞ በዚያን ጊዜ ፋብሪካ የከፈተ ሰው ቢኖር ይከስር ነበር፤ የገበሬውን ቅሬታ ያዳመጠው አተረፈ።

ስምና ሕግ

ንድፉ ነፃ ሆነ ማለት ሁሉም ነገር ነፃ ነው ማለት አይደለም። አርዱዊኖን ማንም መሥራት ይችላል፤ “አርዱዊኖ” የሚለውን ስም መለጠፍ ግን አይችልም፤ ስሙ የንግድ ምልክት ነው። በኢትዮጵያም ምልክት በአዋጅ ቁጥር 501/1998 ጥበቃ አግኝቷል። መርካቶ ውስጥ ከሌላ ፋብሪካ የወጣ ሰሌዳ በዋናው ስም የሚሸጥ ከሆነ ችግሩ ከንድፉ ሳይሆን ከስሙ ነው። በተጨማሪም በ1987 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 123 ለፈጠራ፣ ለአነስተኛ ፈጠራና ለኢንዱስትሪያዊ ንድፍ የተለያየ ጥበቃ ደንግጓል፤ ለፈጠራ 15 ዓመት፣ በአገር ውስጥ ሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠም 5 ዓመት ጭማሪ ይሰጣል። በክፍት ንድፍ ላይ የተጨመረች አንዲት ማሻሻያ የሌላ ሰው ልትሆን ትችላለች ማለት ነው። ዋናው መውቂያ ነፃ ሆኖ ወንፊቱ የተመዘገበ ሊሆን ይችላል።

ክፍት የነበረ በር የሚዘጋበት ጊዜም አለ። ሜከርቦት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከሬፕራፕ ሠፈር ወጥቶ፣ የብዙ ሰው ማሻሻያ ተጠቅሞ ካደገ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2012 አዲሱን ማተሚያውን ንድፍ አልለቅም አለ። በእሱ ላይ ተማምነው መለዋወጫ ለመሥራት ያሰቡ ሰዎች እጃቸው ባዶ ቀረ። ስለዚህ ነጋዴው ፈቃዱን ማንበብ አለበት፤ የታተመውን ሥሪት በሙሉ አውርዶ፣ አሳትሞ፣ በመሳቢያው ማስቀመጥም ይገባዋል። ይህ ምክር ለሰሜን ወሎ ሰው ከሌላው ይልቅ ይመለከተዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 ጦርነቱ አካባቢውን ሲያጥለቀልቅ ወልድያ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ የብዙ ተቋማት ኮምፒውተርና ሰነድ ጠፍቷል፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ወዲህም በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለረዥም ጊዜ ተቋርጦ ቆይቷል። በአንድ ኮምፒውተር የተቀመጠ ንድፍ የለም ማለት ይቻላል። በክፍት ንድፍ ያለው ጥቅም ቅጂው በብዙ እጅ መገኘቱ ነው፤ የእርስዎ ቢጠፋ የኮምቦልቻው ወይም የባሕር ዳሩ ይኖራል፣ አስቀድሞ ካከፋፈሉት።

በአንጻሩ ታላቅ ዕቅድ ይዘው የሚነሱ ሁሉ አይጨርሱም። ኦፕን ሶርስ ኢኮሎጂ የተባለው የአሜሪካ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2003 ተመሥርቶ ከትራክተር እስከ ጡብ መጭመቂያ 50 ማሽኖችን በክፍት ንድፍ እሠራለሁ ብሎ በዓለም ታወቀ። ጡብ መጭመቂያውና ትራክተሩ ተሠርተዋል፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ግን የሃምሳው ዝርዝር በሙሉ አላለቀም። ይህ ቡድኑን አያስወቅስም፤ ሥራው ከባድ ነው። ኢንቨስተሩ ግን የሚገዛው የተሠራውን እንጂ የታቀደውን አይደለም።

መርሳ ላይ ይህን ምርመራ ማድረግ የሚያስችል ነገር ቅርብ ነው። የመርሳ የግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በከተማው አለ፤ የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከልም በዚያው ወረዳ ይገኛል። የማሽላና የጤፍ መውቂያ ለመሥራት ያሰበ ሰው በሙሉ ገንዘቡ ሃያ ከማምረቱ በፊት አንድ ሠርቶ፣ በአካባቢው ማሽላ ላይ፣ በመኸሩ ወቅት፣ ቀኑን ሙሉ ቢያስፈትነው የሚወጣው ወጪ ከጠቅላላው ትንሽ ነው። ፈተናው ፍሬው ምን ያህል ተሰበረ፣ ምን ያህል ከገለባው ጋር አመለጠ፣ በአንድ ሊትር ነዳጅ ስንት ኩንታል ወቃ የሚሉትን ቢመዘግብ በቂ ነው። ጥቅሙም በዚያ አያበቃም፤ ውጤቱን ወደ ባለንድፉ ቢልክ ቀጣዩ ሥሪት ለወሎ ማሽላ ይስተካከላል። እንዲህ ያለ መልእክት የሚልኩ አምራቾች ጥቂት ናቸው፤ ንድፎቹ ሁሉ ለሌላ አገር እህል የተስማሙ የሚመስሉትም ለዚህ ነው።

ከሥራ ቤት የሚያስመርት ነጋዴ ደግሞ ውሉን ከፈተናው ጋር ማያያዝ ይኖርበታል። ቀብድ ለላሜራና ለሲሚንቶ የሚበቃውን ያህል ብቻ ይከፈላል፤ ቀሪው ዕቃው ሲፈተን። ምድጃ ከሆነ ከእያንዳንዱ ጭነት በዘፈቀደ ሦስት ይመረጣሉ፤ ስድስቱ ክፍሎች ከሌላኛው ምድጃ ክፍሎች ጋር እየተቀያየሩ ይገጠማሉ፤ ካልገጠሙ ቅርጽ ማውጫው ተጣሟል። ከተመረቱ በኋላ ቢያንስ ሰባት ቀን ውሃ እየተርከፈከፈባቸው መቆየታቸውም ይጠየቃል። በመጨረሻ አንድ ተራ ምስማር ወስዶ ጠርዙን ጠንከር አድርጎ መፋቅ ነው፤ እንደ ዱቄት ከበነነ ሲሚንቶው ተቀንሷል፤ ጭነቱ ከመኪናው አይወርድም።